ለአቦኮር ዓይን የሚበቃ ብርሃን

መዶሻው አውራ ጣቷን ሲያገኘው ሱሀይላ ሰው ቤት መሆኗን ረሳች።

«እጅህ ይሰበር!» ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ ማንን እንደምትራገም ራሷም አላወቀችም።

ከክፍሉ ጥግ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የወንድ ሳቅ ፈነዳ። «የማንን እጅ? መዶሻውን የያዝሽው አንቺ!»

ሱሀይላ መሰላሉ ላይ እንዳለች ደርቃ ቀረች። የሰማችው የተጣራ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስታ ሀርጌሳ ከገባች ወዲህ በቋንቋዋ የምታወራው ከታላቅ ወንድሟ ከጀማሉዲንና መሐመድ ሞጌ ሰፈር ከሚኖሩ ጥቂት የአገሯ ልጆች ጋር ብቻ ነበር። ኮድቡር በሚባለው የባለግቢዎች ሰፈር፣ እንዲህ ባለ ሰፊ ግቢ፣ ያውም ከቤቱ ልጅ አፍ እሰማዋለሁ ብላ በሕልሟም አላሰበች።

«አፉ በለኝ። ታማሚው ተኝቷል ስላሉኝ ነው» አለች።

«አልተኛሁም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የተኛ ይመስላቸዋል።»

መጋረጃ መስፋትና መስቀል እንጀራዋ ነው። አሠሪዋ ወደዚህ ቤት የላካት በመስኮቱ ላይ የተቸነከሩትን ብርድ ልብሶች አንስታ ጥቁር ወፍራም መጋረጃ እንድትሰቅል ነበር። የሚያሳያት ከኮሪደሩ በተገረበበው በር በኩል የምትሾልክ ቀጭን ብርሃን ብቻ ነች። ኮሪደሩ ላይ የቤቱ እመቤት ወንበር አድርገው ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኤዶ ዓሻ፣ አክስቴ ዓሻ፣ ይላቸዋል።

«ለምን ነው ሙሉ ጨለማ የፈለግከው? ትንሽ መብራት እንኳ አትችልም?»

ጠይቃ ምላሷን ነከሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ነውሩ ትዝ የሚላት። ሰውየው ግን አልተቀየመም። ስሙ አቦኮር እንደሆነ፣ የሂሳብ መምህር እንደነበረ፣ ከረመዳን ወዲህ ዓይኑ ውስጥ የገባው ብግነት ክፍል ውስጥ እንዳስቀረው ነገራት። ብግነቱ በርዶለታል፤ ብርሃን ግን እንደ መርፌ ይወጋዋል።

«ትንሽ የሚባል መብራት የለም» አላት። «የስልኬን ብርሃን እስከ ታች ባወርደውም ይወጋኛል። ሻማም ይወዛወዝብኛል።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ብርሃን ብታገኝ ነው የምትችለው?»

ከጥጉ ወደ እሷ ሲዞር የልብሱ ድምፅ ተሰማት፤ የከፋው መሰላት።

«ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «ሁሉም የሚጠይቀኝ መቼ እንደሚሻለኝ ነው።»

ያን ቀን ሱሀይላ መጋረጃውን ሰቅላ ስትወጣ የጣቷ ሕመም ጠፍቶላት ነበር። ሌላ ነገር ግን ውስጧ ገብቶ መቆርቆር ጀምሯል።

*

ጀማሉዲን የቀን ሥራ ውሎ ሲመጣ የተሰበረ ነገር ይዞላት ይመጣል፤ የተጣለ ሬዲዮ፣ የሞተ ድምፅ ማጉያ፣ የፀሐይ መብራት ስባሪ። እሷ ትፈታዋለች። ማንም አላስተማራትም፤ ቪዲዮ እያየች፣ ጣቷን እያቃጠለች፣ አንዳንዴም ፊውዝ እያፈነዳች ተማረችው። ባለሙያ ነኝ አትልም። የነገሮችን ሆድ ዕቃ ማየት ትወዳለች፣ በቃ።

ለአቦኮር መብራት ልሥራ ብላ ስትነሳ የአንድ ምሽት ሥራ መስሏት ነበር። ማር የመሰለ ቀለም ያላት አንዲት የኤልኢዲ አምፖል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያዝ ትንሽ ቦርድ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማዞሪያ። ማዞሪያውን ወደ ታች ስትመልሰው ብርሃኑ እየደከመ፣ እየደከመ ይመጣና ልክ መጨረሻው ላይ ድርግም ይላል። ከመጥፋቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ብርሃን ደግሞ ጨለማ ቤት ውስጥ ለጤነኛ ዓይን እንኳ ብዙ ነው። በዚያ ብርሃንና በጨለማው መካከል ያለው የት ሄደ? ነገሩ ከነከናት። መጋረጃ ስትለካም፣ ስትሰፋም ያ ጥያቄ አልለቃትም።

መጋረጃውን የሰቀለች ቀን ቁጥሩን ሰጥቷት ነበርና በድምፅ መልእክት ጠየቀችው፤ ዓይኑ ማንበብ ስለማይችል የሚላላኩት በድምፅ ነው። ስልኩን በፊቱ ገልብጦ ሲመልስላት ድምፁ ውስጥ መምህሩ እንደነቃ ታውቃት ነበር።

«ዓይን እንዲህ ነው የሚቆጥረው» አላት አንድ ቀን። «አንድ ሻማ ያለበት ቤት ሌላ ሻማ ብትጨምሪ ቤቱ የተለወጠ ይመስልሻል። መቶ ሻማ ባለበት ቤት አንድ ብትጨምሪ ግን ማንም አያይልሽም። ስለዚህ ወደ ታች ስትወርጂ እርምጃሽን እያሳጠርሽው ውረጂ።»

መልእክቱን ደግማ ደጋግማ ሰማችው። ለመብራቱ ስል ነው አለች ለራሷ።

በኋላ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ገባት። ቦርዱ ለካ ብርሃኑን አያደክመውም፤ ዓይን በማይደርስበት ፍጥነት ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። የሚበራበት ጊዜ ሲያጥር ለእኛ የደከመ ይመስለናል። ቦርዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊያሳጥረው የማይችል አንድ አጭር ብልጭታ፣ አንድ ጥቅሻ፣ አለው። እንግዲያው በጥቅሻና በጥቅሻ መካከል ያለውን ጨለማ ላርዝመው አለች። ሠራላት! ብርሃኑ እስከ ዛሬ ወርዶ ወደማያውቅበት ወረደ። መብራቱን ከመጋረጃ ቁራጭ በሰፋችው ልባስ ሸፍና፣ ልቧ እየዘለለ ኮድቡር ሄደች።

አቦኮር ጥቁር መነጽሩን ቀስ ብሎ ከአፍንጫው ዝቅ አደረገና ወዲያው መልሶ ገፋው።

«ይንቀጠቀጣል።»

«ምኑ?»

«ብርሃኑ።»

ሱሀይላ አተኩራ አየችው። እንደ ተቸነከረ ቀጥ ብሏል። ኤዶ ዓሻም ከኮሪደሩ አንገታቸውን አስግገው አዩና በሶማሊኛ ምንም አይንቀጠቀጥም አሉ። ሱሀይላ በጨለማው ውስጥ ፈገግ አለች።

«ተመልሼ እንድመጣ ፈልገህ ከሆነ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰበብ አያስፈልግህም።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም።

«አንቺም?» አለ።

«አቦኮር፣ ቀልዴን ነው እኮ…»

«ሐኪሙ ዓይንህ ድኗል፣ የቀረው ሐሳብ ነው አለኝ። እናቴም አመነችው። ጓደኞቼም እየመጡ ውጣ፣ ተነስ፣ አየር ተቀበል ይሉኛል። አንቺ ግን…» ፊቱን ወደ ጥጉ መለሰ። «መብራቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ሱሀይላ። አደከምኩሽ።»

ስሟን ሲጠራት ያ የመጀመሪያው ነበር። መብራቱን ታቅፋ በፀሐዩ ስትሄድ የሰማችው ግን ስሟን አልነበረም። አንቺም? አንቺም? የምትለዋ ቃል እስከ መሐመድ ሞጌ ድረስ ተከተለቻት።

*

በቀትር ሱቆች ሲዘጉ ሱሀይላ ብቻዋን የመጋረጃ ቤቱ ዕቃ ክፍል ገባች። የአቦኮርን መጋረጃ የሠራችበትን ጥቁር ጨርቅ አወረደች፤ መብራቱን ፊቷ አስቀምጣ ጨርቁን በላይዋ ተከናነበች። ሰውየው የሚኖርበትን ጨለማ ሳታውቀው ስለ ብርሃኑ እንዴት ትፈርዳለች?

በመጀመሪያ ምንም አልታያትም። ሽቦ ተነቅሏል ብላ በእጇ ዳበሰች፤ አልተነቀለም። ታግሳ ጠበቀች። ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ጠበቀች። ቀስ እያለ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ ክብ ደብዛዛ ብርሃን ብቅ አለ። ሲበራ ነበር ለካ! ዓይኗ ነው እስኪያገኘው የዘገየ። የእጇ ጣቶች ታዩዋት፤ የጨርቁ ድርና ማግም ታያት። በዚህች ብርሃን ሰው መኖር ይችላል ብላ ገረማት።

ብርሃኑ ግን ቀጥ ብሏል። አሁንም አይንቀጠቀጥም።

አንድ የጨርቅ ጥቅል ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ጀርባዋ ላይ ወደቀ። ደንግጣ ዞር ስትል ብርሃኑ በዓይኗ ላይ አለፈ፤ ሲያልፍም አንድ መስመር አልሠራም። ተራ በተራ የተሰካ የሙስበሓ መቁጠሪያ ዶቃ ሠራ። ነጥብ፣ ጨለማ፣ ነጥብ፣ ጨለማ።

ዓይኗን ወደ ቀኝ ወረወረችው፤ ዶቃ። ወደ ግራ፤ ዶቃ። እሷ ያረዘመችው ጨለማ ነው፤ በገዛ እጇ። ትክ ብላ ስታየው ያልታየው ነገር ዓይን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይታያል። የታመመ፣ የሚሸሽ፣ አንድ ቦታ ማረፍ ያቃተው ዓይን ደግሞ ምን ያህል ያየው ይሆን!

ሳቀች። ወዲያውም ጨርቁ ውስጥ ሆና አለቀሰች። ስልኳን አወጣች።

«አቦኮር፣ ልክ ነበርክ። ይንቀጠቀጣል። ያላየሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።»

መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

እሷ ግን መብራቱን ፈታችው። ማብራት ማጥፋቱን ጨርሳ ጣለችው፤ በምትኩ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ፣ እንደ ክር ቀጥኖ እንዲፈስ የሚያደርጉ ሬዚስተሮችን ከየስብርባሪው ለቅማ አንድ በአንድ ሞከረች። የሚዘለውን ብርሃን የሚያለሰልስ ካፓሲተርም ጨመረችበት። በየማታው ጨርቅ ተከናንባ ስትወጣና ስትገባ ጀማሉዲን እያየ ይገረማል።

«እነሱ ባለግቢ ናቸው፣ ሱሀይላ» አላት አንድ ቀን። «እኛ ነገ ውጡ ብንባል ከሻንጣችን በቀር ምን አለን? መብራቱን ሥሪ። ከዚያ አትለፊ።»

«መብራት ብቻ ነው፣ ወንድምዓለም።»

«መብራት ብቻ ከሆነ ስልክሽ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ለምን ትዘያለሽ?»

ፊቷ በርበሬ መስሎ አንገቷን ደፋች።

*

ኤዶ ዓሻ መጋረጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ መቀሱ ከሱሀይላ እጅ ወደቀ። ያለ ወትሯቸው ልጅ ሳያስከትሉ ነው የመጡት። ወንበር ሰጠቻቸው፤ ተቀመጡ፤ ከዚያም እሳቸው ጋ ይኖራል ብላ ባልጠበቀችው ለስላሳ አማርኛ ተናገሩ።

«የልጄ ስልክ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ከሄድሽ ወዲህ አልፈልገውም ብሎ ሰጠኝ። መልእክትሽን ሰማሁት፣ ልጄ።»

ሱሀይላ የምትቆምበት ጠፋት።

«ሀርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ እርጉዝ ነበርኩ» አሉ። «አቦኮርን የወለድኩት አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ነበሩ፤ አልዋሽም። ግን ባሌ ሲሞት ከአጠገቤ ተቀምጦ በቋንቋዬ አይዞሽ የሚለኝ ዘመድ አልነበረኝም። የባዕድ አገር ኑሮ ያ ነው። ከልጄ ጋር እንዳትቀራረቢ የምፈልገው ለእሱ ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን። በአንቺም ላይ አልፈልገውም።»

ክፉ ቢናገሯት ይቀላት ነበር።

«ኤዶ፣ እኔ የላክሁት ለጋብቻ አይደለም። ልክ ነበርክ ልለው ነው። ይንቀጠቀጣል ሲል ሁለታችንም ውሸታም አደረግነው። እኔም፣ እርስዎም።»

«ምንም አልነበረውማ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያን ቀን እንደ እኔ ትክ ብለው አይተውት አይደል? ይፍቀዱልኝና በኋላ በጨለማ እንዳየሁት እንደገና ይዩት።»

እንደዚያ ያለ ድፍረት ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። መብራቱን ከቦርሳዋ አውጥታ የነቀለችውን የመጀመሪያ ቦርድ እንደ ድሮው መልሳ ገጠመችው። ኤዶ ዓሻ አመነቱ፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ያ የተከበረ አካላቸው በጥቁሩ ጨርቅ ስር ገባ።

«ምንም የለም» አለ ድምፃቸው ከውስጥ።

«ይታገሱ።»

ቆዩ። ከውጭ ባጃጆች ያልፋሉ፤ የፍየል ድምፅ ይሰማል።

«አሃ… አሁን መጣ።»

«አሁን ዓይንዎን ቶሎ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ደግሞ ወደ ግራ።»

ሱሀይላ ከጨርቁ ስር ሰውነታቸው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አየች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም በላይ። ሲወጡ ሻሻቸው ተንሸራቶ ሽበታቸው ታይቷል። አላስተካከሉትም።

«ዶቃ» አሉ። «ሱብሃነላህ። ዶቃ ነው።» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ እውነቱን ነበር። እኔ እናቱ…»

አልጨረሱትም። ሱሀይላም እንዲጨርሱት አልፈለገችም።

*

በማግስቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ አዲሱን መብራት ይዛ ገባች። ኤዶ ዓሻ ኮሪደሩ ላይ አልቀሩም፤ ወንበራቸውን ይዘው ክፍሉ ውስጥ ገቡ፤ በሩንም በኋላቸው ዘጉት። ጨለማው ሦስቱንም ዋጣቸው።

አቦኮር ጥጉ ላይ እንደተቀመጠ አልተነሳም። «መልእክትሽን እናቴ ትናንት አሰማችኝ» አለ። ድምፁ ከተቀየመው በላይ የፈራ ሰው ይመስላል። እንደገና ተስፋ አድርጎ እንደገና እንዳይወጋ።

ሱሀይላ ማዞሪያውን ነካች።

«አብርተሽዋል?» አለ።

«አዎ።»

«ምንም አይታየኝም።»

«ጠብቅ። ዘግይቶ ነው የሚመጣው።»

ተጠባበቁ። የሦስት ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ቀድሞ የታየው ለሱሀይላ ነው፤ የጠረጴዛው ጠርዝ፣ የውሃ ብርጭቆ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ትከሻ። ማዞሪያውን ፀጉር ታህል ጨመረችው። እጅ መነጽሩን ሲያወልቅ አየች። ዓይኖቹ እንደተዘጉ ቆዩ። ተከፈቱ። ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ወደ ግራ መጡ። እሷ በልቧ ቢስሚላህ ትላለች።

«አይንቀጠቀጥም» አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ። አየ፤ ረዥም ጊዜ አየ።

«ሆዮ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ኤዶ ዓሻ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እንደ ድንጋይ ነበሩ። ከወንበራቸው ተነስተው የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ተንሰቀሰቁ፤ በሶማሊኛ ይቅርታ ይጠይቁታል፣ ይስሙታል፣ ግንባሩን ይዳብሳሉ። ሱሀይላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሥራዋ አልቋል። መሄድ አለባት።

«ሱሀይላ።»

ያኔ ነው ፍርሃቱ የመጣባት። ለካ ይህ ሰው አይቷት አያውቅም! ጥላዋንና ድምፅዋን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስንት ጊዜ እንዲያይ ስትለፋ፣ እሷም እንደምትታይ አንድም ቀን አላሰበችውም። ሳታውቀው እጇ ወደ ማዞሪያው ሄደ፤ ብርሃኑ መውረድ ጀመረ።

«ተይው» አለ። «እባክሽ። ዙሪ።»

ዞረች። ዓይኖቹ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው ከግንባሯ ጀመሩ። ሱሀይላ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ማንም ሰው እንዲህ ሳይቸኩል አይቷት አያውቅም።

«ዓይንህ ያምሃል?» አለች ሻሿን ወደ ግንባሯ እየሳበች።

«እንጃ። ገና ማየቴን አልጨረስኩም።» ፈገግ አለ። «ስትጠይቂ ቅንድብሽ እንዲህ እንደሚሰበሰብ ማንም አልነገረኝም።»

እናቱ ቤቱ ውስጥ እንዳሉ ሱሀይላ ትዝ አላትና አቀረቀረች። አቦኮር ግን አላፈረም፤ ወደ እናቱ ዞሮ በአማርኛ ተናገረ። ሁለቱም እንዲሰሙት ነው።

«ሆዮ፣ ዓይኔ ሙሉ በሙሉ ይዳን አይዳን አላውቅም። ወደ ማስተማሬ ልመለስ አልመለስም አላውቅም። ይህችን ልጅ ግን እፈልጋታለሁ። ሁላችሁም ሐሳብ ነው ስትሉኝ እሷ ያመነችኝ…»

«አላመንኩህም» አለች ሱሀይላ። «ውሸት አልወድም። አላመንኩህም ነበር።»

«አላመንሽኝም» አለ። «ግን ሄደሽ እኔ ያለሁበት ጨለማ ውስጥ ገብተሽ ተቀመጥሽ። ዝም ብሎ የሚያምነኝ ሰው ባገኝ ይህን ያደርግልኝ ነበር?»

ኤዶ ዓሻ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ሱሀይላን፣ አንዴ ደግሞ ያቺን በመጋረጃ ቁራጭ የተሸፈነች ማር የመሰለች ብርሃን አዩ።

«ወልይሽ ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

ሱሀይላ የሰማችውን አላመነችም። ሴት ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ስለ እሷ የሚቆመውን ሰው ነው የጠየቋት።

«ወን… ወንድሜ ነው። ጀማሉዲን።»

«ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይምጣ። እሺ ማለቴ አይደለም» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «ፍርሃቴ እንዳለ ነው። ግን እፈራለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አልቀመጥም። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።» ከዚያም ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ መብራቱ ጎንበስ አሉ። «ይህን ማዞሪያ ነገ ምን ያህል ልጨምርለት? አሳዪኝ።»

ሱሀይላ አሳየቻቸው። በየቀኑ ፀጉር ታህል፤ ዓይኑ እሺ እስካለ ድረስ፤ ከወጋው ደግሞ ወደ ኋላ። ኤዶ ዓሻም በራሳቸው ጣት ሞከሩት።

ግቢውን ለቃ ስትወጣ የቀትሩ ፀሐይ ፊቷን መታት። ቆማ ዓይኗን በእጇ ጋረደች፤ ምንም ማየት አልቻለችም። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ፤ ገብታ ተቀመጠች። ነጂው ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። የሰፈሯን ስም ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ሳቁም ወዲያው ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶው መልሶ ሳቅ። ነጂው ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንሽ፣ እህቴ?»

ደስታ ይሁን ፍርሃት፣ እሷም ልትለየው አልቻለችም። ሁለቱንም በሻሿ ጫፍ ጠረገቻቸውና እንዲነዳ በእጇ ወደ ፊት አመለከተችው። ወዴት እንደሆነ እስኪመጣላት ድረስ ብቻ ይንዳ።